ጥጥ የጠጣው ባሕር

አበው “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” ይላሉ። ሙይናቅ በምትባል የወደብ ከተማ የደረሰው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ እያሳሳቀ የሄደው ውሃው ራሱ ነው።

ሙይናቅ በመካከለኛው እስያ፣ በኡዝቤኪስታን ሰሜን ምዕራብ፣ ካራካልፓክስታን በሚባለው ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። በከተማዋ መግቢያ ላይ የቆመው ምልክት ዓሣ ተሥሎበታል። እንግዳው ይህን አይቶ ወደ ወደቡ ሲያመራ የሚያገኘው ግን አሸዋ ነው። ከአንድ ከፍታ ሥር፣ በአሸዋና በቁጥቋጦ መካከል፣ ዝገት የበላቸው የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችና መርከቦች በተርታ ቆመዋል። ማዕበል ገፍቶ የብስ ላይ አላወጣቸውም፤ ባሕሩ ነው ከሥራቸው የሸሸው። ዛሬ ከሙይናቅ ተነሥቶ ውሃ ማየት የሚፈልግ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መጓዝ አለበት።

ይህ የአራል ባሕር ታሪክ ነው። በስሙ ባሕር ይባል እንጂ ዙሪያውን በየብስ የተከበበ ሐይቅ ነበር። በ1960 ስፋቱ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከካስፒያን፣ ከሱፒሪየርና ከቪክቶሪያ ቀጥሎ በዓለም አራተኛው ትልቅ ሐይቅ ተብሎ ይቆጠር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለንጽጽር ያህል፣ የጣናን ሐይቅ ከ20 ጊዜ በላይ ይውጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ውሃ ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው።

ስለ ዓለም ችግሮች በየዓመቱ ትላልቅ ጉባኤዎች ይካሄዳሉ። አንዱ ስለ አየር ንብረት ነው፤ አንዱ ስለ ድህነት፤ አንዱ ስለ ጤና፤ ሌላው ደግሞ ስለ ስደት። የሚጋበዙት ሚኒስትሮች የተለያዩ ናቸው፤ የሚወጣው መግለጫም ለየቅል ነው። በአራል ዳርቻ የኖረ ሰው ግን እነዚህን ችግሮች ለየብቻ አያውቃቸውም። ባሕሩ ሲሄድ ሥራው ሄደ። ሥራው ሲሄድ ልጆቹ ተሰደዱ። ባዶ የቀረው የባሕር ወለል አቧራ ሆኖ ቤቱ ገባ፤ ሳንባውም ውስጥ ገባ። ለእሱ ሁሉም አንድ ችግር ነው። እዚህ እንዴት እንደተደረሰ፣ ከዚያም በአንደኛው ዳርቻ ጥቂቱን እንዴት መመለስ እንደተቻለ ማወቅ ስለ ቀሪው ዓለምም ብዙ ያስተምራል።

ሁለቱ ወንዞች

አራልን የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው። አሙ ዳርያ ከፓሚር ተራሮች፣ ሲር ዳርያ ደግሞ ከቲያን ሻን ተራሮች ይነሣሉ። ሁለቱም የተራራ በረዶ ቀልጦ የሚሞላቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘውና በረሃ አቋርጠው ወደ አራል ይገቡ ነበር። ከ1960 በፊት በየዓመቱ በአማካይ ከ50 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ ውሃ ያፈሱበት ነበር። ይህም ዓባይ በዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ ምድር ይዞ ከሚወጣው ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሐይቁ ውሃው ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስበት መውጫ የለውም። ወንዞቹ ያገቡትን ያህል ፀሐይ ታተነዋለች። ገቢና ወጪው ተመጣጥኖ ስለነበር የውሃው ከፍታ ከ1960 በፊት ለአምሳ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይዋዥቅ ቆይቷል። የዚህ ዓይነቱ ሐይቅ ጸባይ ግን አደገኛ ነው። የሚገባው ውሃ ከቀነሰ ፀሐይዋ ትነቱን አትቀንስለትም።

በዳርቻው የሚኖሩ ካዛኮች፣ ካራካልፓኮችና ሌሎች ሕዝቦች ኑሯቸው ከሐይቁ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ40,000 ቶን በላይ ዓሣ ይወጣ ነበር። በሰሜን በኩል አራልስክ፣ በደቡብ በኩል ሙይናቅ ዋነኞቹ ወደቦች ሲሆኑ፣ በሙይናቅ ትልቅ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ነበር። በ1921 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ጽኑ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ ሌኒን በጻፈው የእርዳታ ጥሪ መሠረት የአራል ዓሣ አጥማጆች 14 ፉርጎ ሙሉ ዓሣ ለተራቡት ልከዋል። ይህ ታሪክ በአራልስክ የባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ በሥዕል ተሠርቶ ይታያል። የተራበውን የመገበ ሕዝብ ከሁለት ትውልድ በኋላ ራሱ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ነጭ ወርቅ

የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ጥጥ ከውጭ መግዛት አልፈለገም። ከራሱ ፍላጎት ተርፎ ለውጭ ገበያ የሚሸጥም ጥጥ ፈለገ። ፀሐይ የማይጠፋባቸው የመካከለኛው እስያ ሜዳዎች ለጥጥ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር፤ የሚጎድላቸው ውሃ ብቻ ነው። ጥጥ “ነጭ ወርቅ” የሚል ስም ወጣለት።

በዚያ አገር መስኖ አዲስ ነገር አልነበረም። ገበሬዎች ከሁለቱ ወንዞች ውሃ እየጠለፉ ስንዴ፣ ፍራፍሬና ጥጥም ሲያለሙ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ነገር መጠኑ ነው። ለምሳሌ የካራኩም ቦይ ግንባታ በ1954 ተጀምሮ፣ የአሙ ዳርያን ውሃ ወደ ቱርክሜኒስታን በረሃ እያሻገረ፣ በመጨረሻ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ረዘመ። ቦዩ የተቆፈረው በአሸዋ ውስጥ ነው፤ ወለሉም በሲሚንቶ አልተለሰነም። በመሆኑም ከሚሄደው ውሃ ብዙው ማሳ ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ወይም ይተናል። በ1960 በሁለቱ ወንዞች ተፋሰስ በመስኖ የሚለማው መሬት 4.5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ በሶቪየት ዘመን መጨረሻ ወደ 7 ሚሊዮን ሄክታር ተጠግቶ ነበር።

ሐይቁ እንደሚቀንስ ዕቅድ አውጪዎቹ አያውቁም ነበር ለማለት አይቻልም፤ ያውቁ ነበር። ሂሳባቸውም ቀላል ነበር። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ጥጥ ላይ ሲውል የሚያስገኘው ሩብል፣ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ሲያረባ ከሚያስገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቅ የሚገባ ውሃ እንደባከነ ውሃ ተቆጠረ። በመዝገቡ ላይ የዓሣው ገቢ በአንድ ወገን፣ የጥጡ ገቢ በሌላ ወገን ሰፈረ። የሕፃናት ሳንባ፣ የጉድጓድ ውሃ ጣዕም፣ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ፣ ከአገሩ የሚነቀለው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም ወገን አልሰፈሩም። መዝገቡ ላይ ስላልሰፈሩም ዋጋ የላቸውም ተባለ።

የጥጡ ኮታ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ሄደ። ከላይ የሚታዘዘው መጠን ሊሞላ የማይችል ሲሆን የኡዝቤኪስታን ባለሥልጣናት በወረቀት ላይ መሙላት ጀመሩ። በ1980ዎቹ በተጋለጠውና “የጥጥ ጉዳይ” ተብሎ በታወቀው ቅሌት፣ ለብዙ ዓመታት ያልተመረተ ጥጥ እንደተመረተ እየተመዘገበ ከሞስኮ ገንዘብ ይከፈልበት እንደነበር ታወቀ። በወረቀት ላይ ለነበረው ጥጥ ክፍያ ሲፈጸም፣ በእውን የነበረው ሐይቅ እየደረቀ ነበር።

ባሕሩን ማሳደድ

በ1960ዎቹ የውሃው ከፍታ በዓመት በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርድ ነበር። በ1970ዎቹ ይህ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ በዓመት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርድ ጀመር። በአንዳንድ ዓመታት ከሁለቱ ወንዞች ወደ ሐይቁ የደረሰ ውሃ የለም ማለት ይቻላል።

ሐይቁ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ከፍታው ትንሽ ሲወርድ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። የሙይናቅ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ውሃው ተመልሶ ይመጣል ብለው ነበር። ሳይመለስ ሲቀር መርከቦቹ እንዲወጡና እንዲገቡ ቦይ ቆፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ባሕሩ ራቅ አለ፤ ቦዩም ረዘመ። እንደገና ራቀ፤ እንደገና ቆፈሩ። በመጨረሻ ባሕሩ ቀደማቸውና መርከቦቹ ባሉበት ቀሩ።

ውሃው ሲቀንስ ጨው ግን አይተንም። ቀድሞ በሊትር 10 ግራም ገደማ የነበረው የጨው መጠን እያደገ ሄዶ ከውቅያኖስ ውሃ አለፈ። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። በደቡባዊው አራል በኋላ ከ100 ግራም በላይ ደርሷል። የአገሬው ዓሣዎች አንድ በአንድ ጠፉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ዓሣ ማጥመድ በአራል አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዘመኑን አሠራር ይገልጣል። በሙይናቅና በአራልስክ ያሉት ፋብሪካዎች እንዳይዘጉ ከባልቲክና ከሩቅ ምሥራቅ ባሕሮች የቀዘቀዘ ዓሣ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በባቡር እየተጫነ መጥቶ ይታሸግ ጀመር። በባሕር ዳር የተሠራ ፋብሪካ ባሕር በሌለበት ዓሣ ማሸጉን ቀጠለ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ሲፈርስ ይህን ወጪ የሚችል ጠፋ።

ዓሣ አጥማጆቹ ከፊሎቹ ግመልና ከብት ወደማርባት ዞሩ። ብዙዎች ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ አንዳንዱ ወደ ኑኩስና ወደ ታሽከንት፣ ሌላው ድንበር ተሻግሮ ወደ ካዛኪስታንና ወደ ሩሲያ። በካራካልፓክስታን መንደሮች ከሩቅ በሚላክ ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ ዛሬም ብዙ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ወር ሲገባ ስልክ የሚጠብቅባቸውን ሰዎች ኑሮ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል “የተሰደድኩት በአየር ንብረት ምክንያት ነው” የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሁሉም የሚለው “ሥራ ፍለጋ ነው” ነው። ሥራው ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ግን መልሱ የባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል።

ከባሕሩ በኋላ የመጣው

ውሃው የለቀቀው መሬት ዛሬ አራልኩም የሚባል አዲስ በረሃ ሆኗል። ወለሉ ጨው ነው። ከጨው ጋር፣ ለአሥርት ዓመታት ከጥጥ ማሳዎች በወንዞቹ ታጥቦ የመጣ የፀረ ተባይ መድኃኒትና ጥጡ በመኪና እንዲለቀም ቅጠሉን የሚያረግፍ ኬሚካል ተከማችቶበታል። ነፋስ ሲነሣ ይህ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። የአቧራው ደመና ከጠፈር ላይ ሆነው በሳተላይት ፎቶግራፍ ያዩታል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችም ይጓዛል። ያረፈበትን ማሳ ጨው ያደርገዋል።

ጨው የገባበትን ማሳ ለማጠብ ገበሬው በክረምት በብዙ ውሃ ያጥለቀልቀዋል። ይህ ውሃ የሚመጣው ከዚያው ከወንዙ ነው። ስለዚህ ሐይቁን ያደረቀው መስኖ ባስከተለው ጨው ምክንያት ተጨማሪ ውሃ ይወሰዳል። ችግሩ ራሱን እየመገበ ይኖራል።

የአየሩም ጸባይ ተለወጠ። ትልቅ ውሃ በበጋ አካባቢውን ያቀዘቅዛል፤ በክረምት ያሞቃል። ይህ ውሃ ሲጠፋ በጋው ይበልጥ አቃጠለ፤ ክረምቱ ይበልጥ ከረረ፤ ውርጭ የሌለበት የሰብል ወቅትም አጠረ። ሁሉ የተሠዋለት ጥጥ ራሱ በሐይቁ አቅራቢያ ጤና አጣ።

የሰው ጤና ከሁሉ የከፋው ነው። በካራካልፓክስታን የደም ማነስ በተለይ በነፍሰ ጡር ሴቶች ዘንድ በጣም ተስፋፍቶ ተገኝቷል። የመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ የጉሮሮ ካንሰርም በሐኪሞች ሪፖርት ላይ በተደጋጋሚ ተጠቅሰዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በ1997 ወደ አካባቢው ገብቶ የሳንባ ነቀርሳ በሽታን፣ በኋላም መድኃኒት የተላመደውን ዓይነት፣ ለብዙ ዓመታት ሲያክም ቆይቷል። እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱን በሽታ በአቧራው ብቻ ማመካኘት አይቻልም። ድህነት፣ የምግብ እጥረትና የተበላሸ የመጠጥ ውሃ አብረው አሉ። ነገር ግን እነዚህም ቢሆኑ ባሕሩ ጥሏቸው የሄዱ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሐይቁ መካከል ቮዝሮዥዴኒዬ የምትባል ደሴት ነበረች፤ ስሟ በሩሲያኛ “ዳግም ልደት” ማለት ነው። የሶቪየት ጦር በድብቅ የጀርም መሣሪያ ይሞክርባት ነበር። ቦታዋ የተመረጠው ዙሪያዋን ውሃ ስለሚጠብቃት ነው። ውሃው ሲሸሽ ግን ደሴቲቱ እያደገች ሄዳ በ2001 ከየብስ ጋር ተገናኘች። የአንትራክስ ጀርም የተቀበረባት ምድር በእግር የሚደረስባት ሆነች። በ2002 በአሜሪካ ገንዘብና ባለሙያዎች እርዳታ የተቀበረው ጀርም እንዲመክን ተደረገ። ዕቅድ አውጪዎቹ የጥጡን ሂሳብ ሲሠሩ ይህም በመዝገቡ ላይ አልነበረም።

የ13 ኪሎ ሜትር ግድብ

በ1980ዎቹ መጨረሻ አራል ለሁለት ተከፈለ፤ ትንሹ በሰሜን በካዛኪስታን፣ ትልቁ በደቡብ በአብዛኛው በኡዝቤኪስታን። ሲር ዳርያ የሚገባው ወደ ሰሜኑ ነው። ነገር ግን የሚገባው ጥቂት ውሃ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ በኩል ወደ ደቡብ ፈስሶ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ይተን ነበር።

የአካባቢው ሰዎች አንድ ቀላል ነገር አሰቡ። መተላለፊያው ቢዘጋስ? በ1992 የአራልስክ አስተዳደር ባለው አቅም ከአሸዋና ከሸምበቆ ግድብ ሠራ። ውሃው በርግጥ ከፍ አለ። ግድቡ ግን በየጊዜው ይሸረሸር፣ እንደገናም ይጠገን ነበር፤ በመጨረሻ በሚያዝያ 1999 ኃይለኛ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። ሥራው በዚህ ቢቀር የሚገርም አልነበረም። ነገር ግን በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የታየው ውጤት ለዓለም ባንክና ለካዛኪስታን መንግሥት ማስረጃ ሆነ። ወደ 86 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ኮክ አራል የተባለ ጠንካራ ግድብ ተሠርቶ በ2005 ተጠናቀቀ። በሲር ዳርያ ላይ ያሉ የውሃ ማስተላለፊያዎችም ታደሱ።

ባለሙያዎቹ ሰሜናዊው ሐይቅ ወደታሰበው ከፍታ ለመድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል ብለው ነበር። የሞላው ግን ዓመት ሳይሞላ ነው። ጨዋማነቱ ወረደ። በወንዙ ውስጥ ተጠልለው የቆዩ ዓሣዎች ወደ ሐይቁ ተመለሱ። ከዚያ በፊት በጨዋማው ውሃ ውስጥ መኖር የቻለው በ1970ዎቹ ከሌላ ባሕር መጥቶ የተለቀቀ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ነበር፤ ይህን ማጥመጃ መረብና ሙያ በ1990ዎቹ ለአራል ሰዎች ያካፈሉት ከዴንማርክ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ግድቡ ከተሠራ በኋላ ግን ዓሣው በዓይነትም በብዛትም ጨመረ። በ2016 ከሰሜኑ አራል የወጣው ዓሣ ከ7,000 ቶን በላይ ነበር። ይህ በ1950ዎቹ ይወጣ የነበረውን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ከዜሮ ተነሥቶ ነው። ሄደው የነበሩ አንዳንድ ቤተሰቦችም ተመለሱ።

የዚህ ዋጋ ግን ደቡቡ ላይ ወድቋል። ሰሜኑን ያዳነው ግድብ ደቡቡን ቀድሞ ይደርሰው ከነበረው ውሃ ከፊሉን አስቀርቶበታል። ደቡቡ በዚያም ሆነ በዚህ የሚድን አልነበረም የሚሉ አሉ። በ2014 የደቡባዊው አራል ምሥራቃዊ ክፍል ሙሉ በሙሉ ደርቆ በሳተላይት ታየ። የሙይናቅ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር መመለስ ማውራት ትተው ስለ ዛፍ ተከላ ያወራሉ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የኡዝቤኪስታን መንግሥት አሸዋውን በሥሩ የሚይዝ ሳክሳውል የተባለ የበረሃ ቁጥቋጦ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሚሆን የባሕር ወለል ላይ አስዘርቷል፤ አስተክሏልም። ቁጥቋጦው ባሕሩን አይመልስም፤ አቧራውን ግን ይቀንሳል።

ጥጡ ወዴት ሄደ?

ጥያቄው መምጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጥጥ ማንን አለበሰ? መልሱ፣ መላውን ዓለም። ኡዝቤኪስታን ነፃ ከወጣች በኋላም ከዓለም ትላልቅ ጥጥ ላኪዎች አንዷ ሆና ለረጅም ጊዜ ቆይታለች። ለዓመታት በመከር ጊዜ ተማሪዎች፣ መምህራንና ነርሶች ሳይቀሩ በግዳጅ ወደ ማሳ ይወሰዱ ነበር። በዚህ የተነሣ ከ300 የሚበልጡ የልብስ ኩባንያዎች የኡዝቤክን ጥጥ ላለመጠቀም ፈርመው ነበር። በመንግሥት ደረጃ የሚካሄደው የግዳጅ ሥራ እንደቆመ የዓለም የሥራ ድርጅት የ2021ን መከር ተከታትሎ ካረጋገጠ በኋላ፣ በመጋቢት 2022 ማዕቀቡ ተነሣ። የሸማቾችና የሠራተኛ ማኅበራት ግፊት የትም አይደርስም ለሚሉ ይህ አንድ መልስ ነው።

አንድ ከጥጥ የተሠራ ካናቴራ ለመሥራት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ይህ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ይቀራረባል። በዋጋው ወረቀት ላይ ግን የውሃው ዋጋ አልተጻፈም፤ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ወንዞቹም ገና ዕረፍት አላገኙም። በአፍጋኒስታን ከ2022 ጀምሮ ቆሽ ቴፓ የተባለ 285 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ ከአሙ ዳርያ እየተቆፈረ ነው። ሲጠናቀቅ ከወንዙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሊወስድ ይችላል ተብሎ ተሰግቷል። አፍጋኒስታንም የተራበ ሕዝብ አለኝ፣ ወንዙ በእኔም ድንበር ያልፋል ትላለች፤ ንግግሯን ሐሰት የሚል የለም። በአሙ ዳርያ ራስጌ ያሉት የተራራ በረዶዎች ደግሞ በዓለም ሙቀት መጨመር ሳቢያ እየሳሱ ነው። አምስት የመካከለኛው እስያ አገሮች በ1993 አራልን ለማዳን የጋራ ፈንድ አቋቁመዋል፤ አፍጋኒስታን ግን በዚያ ውስጥ የለችም።

የራስን ጓሮ ማየት

ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ ለኢትዮጵያዊ አይመችም። በአለማያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሁሉ የሐረማያን ሐይቅ ያስታውሳል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚወጣው ከዚያ ነበር። በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ የሚጠጣው ከእሱ ነው፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል የሚሞላውም እሱን ነው። በ2005 ገደማ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ። ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል፣ ማስመጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶ ተጠራቅሞበታል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ቀድሞ ያደረቀው ፓምፕ አሁንም በአካባቢው አለ።

በስምጥ ሸለቆ ያለው የአብያታ ሐይቅም ብዙ ሸሽቷል። ከዝዋይ የሚመጣለት የቡልቡላ ወንዝ ውሃ በመስኖ ይጠለፋል፤ ከራሱም ከሐይቁ ሶዳ አሽ ለማምረት ውሃ ሲሳብ ቆይቷል። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ። በጎረቤቱ በሻላ ደሴት እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው።

የጥጥ ነገር ከተነሣ ደግሞ አዋሽ አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በታችኛው አዋሽ የተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች ያረፉት የአፋር ከብት አርቢዎች በድርቅ ጊዜ በሚሸሹበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ላይ ነው። በመዝገብ ላይ ያ መሬት “ባዶ” ነበር። በ1973 እና በ1974 ድርቁ ሲመጣ ከብቶቹ የሚሸሹበት አጡ፤ አፋሮችም በዚያ ረሃብ ከተጎዱት ሁሉ ቀዳሚዎች ሆኑ። የእርሻው ገቢ ተቆጥሯል። የግጦሹ ዋጋ የታወቀው ግን ከጠፋ በኋላ ነው።

በአራልስክ ዛሬ ትኩስ ዓሣ ይሸጣል። በሙይናቅ ጎብኚዎች በዛጉ መርከቦች ሥር ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሰሜኑን የታደገው ግድብ የተጀመረው ማንም ትልቅ ሰው ሳያዝዝ፣ በአሸዋና በሸምበቆ፣ ውሃው ገና ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። በደቡቡ ግን መፍትሔ ሲፈለግ ጊዜው አልፎ ነበር። የአገራችን ሰው ለዚህ አጭር ቃል አለው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።